ጣቷ አልተሳሳተም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ፊት ቆሜ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝ፣ እዚህ ላይ ስደርስ «ሌላም ነበረ አባ፣ ረስቼዋለሁ» እላለሁ። አልረሳሁትም። እንዴት ይረሳል? እኔ አንዲት ሴት ለአባቷ የጻፈችውን የይቅርታ ቃል ለውጬባታለሁ። ስለውጠው አላወቅኩም ነበር፤ ለዚያ ይቅር የሚለኝ ሰው ይገኝ ይሆናል። ካወቅኩ በኋላ ግን ፊቷ ቆሜ «የተሳሳተው የራስሽ ጣት ነው» አልኳት። ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ቡራዩ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ከፊት ለፊት ጠረጴዛና ለደንበኛ የሚሆን አግዳሚ ወንበር፣ ከመጋረጃው ኋላ መበየጃዬና የሞቱ ስልኮች ክምር። ኤሌክትሮኒክስ ተምሬያለሁ፣ ትንሽ ፕሮግራምም እጽፋለሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ አወራለሁ። አፌ ከእጄ ይፈጥናል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

አያንቱን ያወቅኋት የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ልታስቀይር ስትመጣ ነው። ሰበታ ዓይነ ስውራን ልጆችን ብሬል ታስተምራለች፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ አታይም። ቡራዩ የምትመጣው የባሏ ቤተሰቦች እዚህ ስለሆኑ ነው። የቀየርኩትን መስታወት ልትሞክር ብላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ለባሏ መጻፍ ጀመረች። ጣቷ መስታወቱ ላይ ሲንሸራተት ስልኩ የነካችውን ፊደል ሁሉ ጮክ ብሎ ይጠራል። «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ...» አጠገቧ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ ከባሏ ጋር የምታወራውን እየሰማ ፈገግ ይላል። እሷም ፈገግታውን ያየች ይመስል ዞር ብላ፣

«ሰማህ አይደል? ሽሮ ነው የምንበላው» አለችው። ሰውዬው አፈረ፣ እኛ ሳቅን።

«በማዳመጫ ብታደርጊው አይሻልም?» አልኳት።

«እቤት ይሁን። መንገድ ላይ ጆሮዬን ከደፈንኩ መኪናውን በምን ልየው? እኔ እኮ ሳሚ፣ በጽሑፍ ሹክ ማለት አልችልም። የምጽፈውን ሁሉ ወይ ገበያው ይሰማዋል፣ ወይ ለሰው ነግሬ ይጽፍልኛል። በእኔና በምጽፍለት ሰው መካከል ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው አለ።»

ይህቺ ንግግሯ ውስጤ ገባች። ከውጭ የሚመጣ የብሬል መጻፊያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዋጋው ግን ለአስተማሪ ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም። «እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት። ቃሌን ስሰጥ ከልቤ ነበር። ይህን ለማስተባበያ አላነሣውም፤ ከልቡ ጀምሮ የሚያበላሽ ሰው እንዳለ እንድታውቁ ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው። ከስልኩ ጀርባ የሚታሰር ትንሽ የላስቲክ ሳጥን፣ ላዩ ላይ ስድስት ቁልፎች፣ በቀኝ ሦስት በግራ ሦስት። ብሬል ስድስት ነጥብ ነውና ነጥቦቹን አንድ ላይ ሲጫኗቸው ፊደል ይወጣል። ስልኩ እያንዳንዱን ፊደል መለፍለፍ አያስፈልገውም፤ ቃሉ ሲያልቅ ብቻ በቀስታ አንድ ጊዜ ያነባል፣ ወደ ጆሮ ጠጋ አድርጎ መስማት ይቻላል። አያንቱ እየሞከረች መለሰችልኝ፣ አስተካክዬ ሰጠኋት፣ ደግሞ መለሰችልኝ። ከሰበታ ወደ ዓለም ገና በታክሲ ስትሄድ እየጻፈችበት፣ «ላብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ አንዱን ቁልፍ ሻካራ አድርገው፣ ጣቴ ቤቱን ይወቅ» አለችኝ። አደረግኩ።

ዋጋው እንዲወርድ ቁልፎቹን የምነቅለው ከተጣለ የኮምፒውተር ኪቦርድ ነበር። ከእነሱ ውስጥ ሰነፎች አሉ፤ አንዴ ይሰማሉ አንዴ ይደነቁራሉ። አንድ ነጥብ ከጎደለ ደግሞ ፊደሉ ሌላ ፊደል ይሆናል። አዲስ ቁልፍ ልግዛ ካልኩ ርካሽ የሚለው ስሙ ቀረ። ስለዚህ ብልጥ ነኝ አልኩና ሌላ መላ ፈጠርኩ። ፕሮግራሙ የማያውቀው ቃል ሲመጣበት፣ የሚያውቀውን ተቀራራቢ ቃል በቦታው እንዲተካ አደረግኩ። መጀመሪያ የተጻፈውን ቃል ያነባል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይተካል። ለምን ከማንበቡ በፊት አላደረግኩትም? የተተካውን ደግሞ ለምን አያነብም? ያዘገየዋላ! እንዲፈጥን ፈልጌ ነበር። ለሚጽፉበት ሰዎችም አልነገርኳቸውም። «ስህተት የሚባል የለውም እኮ!» ሲሉኝ አንገቴን ቀና አድርጌ «አዎ» እላለሁ። የቁልፎቼን ስንፍና በግምት ሸፍኜ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ቃላቱንስ ከየት አመጣኋቸው? ከራሴ ስልክ። ከጓደኞቼ ጋር፣ ከእህቶቼ ጋር፣ ያኔ ከተለየችኝ ልጅ ጋር የተጻጻፍኩትን ሁሉ ሰብስቤ ለፕሮግራሙ አጎረስኩት። እኔ በመልእክት አንቱ የምለው ሰው አልነበረኝም። ሁሉም አንተ ነው፣ ሁሉም አንቺ ነው። ለትልቅ ሰው እደውላለሁ እንጂ አልጽፍም። እናም የእኔ መሣሪያ አማርኛን ሲማር አንቱታን ሳይማር ቀረ። ያቺ የተለየችኝ ልጅ ግን «በድለኸኛል» የሚለውን ቃል ደጋግማ ትጽፍልኝ ነበር። መሣሪያዬ እሱን ጥሩ አድርጎ ያውቅ ነበር።

አሁን ስለ አያንቱ አባት ልንገራችሁ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፣ ጫንጮ አጠገብ ገበሬ ናቸው። የአማርኛ ፊደል የቆጠሩት በጎልማሳነታቸው ነው፤ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ እያሉ ያነባሉ። ልጃቸው ዓይኗን ስታጣ ሰው ሁሉ ቤት ትቀመጥ ሲል፣ እሳቸው እጇን ይዘው ሰበታ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት። በየመንገዱ እንዳታለቅስ እንደ ትልቅ ሴትዮ አንቱ እያሉ ያሾፉባት ነበር። «አንቱ፣ ሱሉልታን አለፍን እኮ! አንቱ፣ ይውረዱ እንጂ፣ ሰው ያስጠብቃሉ?» እሷም ለቅሶዋን ትታ ትስቃለች። ካደገች በኋላም በሁለቱ መካከል ይህቺ ቃል ቀረች። እሷ በአክብሮት አንቱ ትላቸዋለች፣ እሳቸው በጨዋታ አንቱ ይሏታል። ይህን ስትነግረኝ እኔም ስቄያለሁ። ቃሏን በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። መሣሪያዬ ውስጥ ግን አላስገባኋትም። ትዝም አላለኝ።

ከአባቷ ጋር የተጣሉት በትዳሯ ነው። ባሏ ተስፋዬም እንደሷ ዓይነ ስውር ነው። ኦቦ ገመቹ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት «ማን ማንን ሊመራ ነው?» አሉ። አያንቱ ተናደደችና በኦሮምኛ «አቲ» ብላ መለሰችላቸው፤ አንተ ማለት ነው። በሰው ፊት፣ ለአባት። ያለ ምርቃት አገባች፣ እሳቸውም ስልኳን አላነሣ አሉ። ሱሉልታ የሚኖሩት አጎቷ ኦቦ ዳባ መሃል ገብተው ሲለምኑ ከረሙ። አንድ ጊዜ በሰው አስጽፋ ደብዳቤ ላከች፤ አባትየው «ይህ የማን ቃል ነው? የእሷ ነው ወይስ የጸሐፊው?» ብለው መለሱት። በመጨረሻ ግን ልባቸው ራሰና «ራሷ ትጻፍልኝ። በእኔና በእሷ መካከል ሰው ሳይገባ፣ በእጇ ትጻፍልኝ። እመርቃታለሁ» አሉ።

ደስታዋን ማየት ነበረባችሁ። ደውላ «ሳሚ፣ ሳጥንህ ሥራ አገኘ!» አለችኝ። በራሷ ጣት፣ ማንም ሳይሰማ፣ ማንም ሳያነብላት ለአባቷ ልትጽፍ ነው። ይህን ያደረገላት የእኔ መሣሪያ ነው ብዬ ያን ቀን ለሰው ሁሉ አወራሁ።

የጻፈችው ይህን ነው፤ ሳጥኑ የተጫኗቸውን ነጥቦች መዝግቦ ስለሚይዝ ኋላ ሲመለስልኝ አይቼዋለሁ። «አባባ፣ አንቱን በድዬአለሁ። ይቅርታዎን እፈልጋለሁ።» መሣሪያው እየቆየ አነበበላት፤ ቃል በቃል ልክ ነው። ላከችው። ኦቦ ገመቹ ስልክ ላይ የደረሰው ግን «አባባ አንተ በድለኸኛል። ይቅርታ እፈልጋለሁ።» የሚል ነው።

ልብ በሉልኝ። አንቱን የሚለውን አላወቀውም፤ አንተ አደረገው። በድዬአለሁ ሁሉም ሰው እንደመሰለው የሚጽፈው ቃል ነው፤ እሱንም አላወቀውም፣ የእኔን በድለኸኛል በቦታው አስቀመጠ። ይቅርታዎን ከሚለው ላይ ዎንን ቆርጦ ጣለ። ልጅቱ ይቅር በሉኝ ስትል፣ ይቅርታ ጠይቀኝ ያለች ሆነች። እሷ የሰማችው የራሷን ቃል ነው፣ የሄደው የእኔ ነው። የተጣሉበትን አንተ እንደገና ላከችላቸው። እኔን ትታኝ የሄደች ሴት ወቀሳ፣ ደግ በሠሩ ሽማግሌ ላይ አረፈ።

ከዚያ ወዲያ ነው የእኔ በደል የሚጀምረው።

አያንቱ በማግስቱ ዘንጓን እየመታች ብቻዋን ሱቄ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የላከችውን መልእክት እንዲያነብ አዘዘችው። ስልኩ በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ «አባባ አንተ በድለኸኛል» አለ።

«ሳሚ፣ ይህን እኔ ነኝ የጻፍኩት? ሲያነብልኝ እኮ ልክ ነበር» አለችኝ።

ገና ሦስተኛው ቃል ላይ ገብቶኝ ነበር። በድለኸኛል የሚለውን ስሰማ ከየት እንደመጣ አውቄዋለሁ፤ የማን ቃል እንደሆነ አውቄዋለሁ። መጋረጃው ኋላ ግን መሣሪያውን ሊያዩ የመጡ የአንድ ድርጅት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ከወደዱት ለብዙ ሰው ያሠሩኛል። ስህተት የለውም ብዬ የነገርኳቸው ገና ያን ጠዋት ነው። ድምፃቸው ጠፋ፤ እየሰሙ እንደሆነ ገባኝ።

«ዝም አትበለኝ» አለች። «አባቴ ለኦቦ ዳባ ደውለው፣ እጇ ይህን ከየት አመጣው ብለዋል። ኦቦ ዳባ መልሴን እየጠበቁ ነው። ማሽኑ ከሆነ አሁን እደውላለሁ። አባቴ ይገባቸዋል፤ ሬዲዮናቸው ሲበላሽ ጣቢያ ይቀላቅል የለ? ማሽኑም እንደ እሱ ነው እላቸዋለሁ። ንገረኝ ብቻ።»

አያችሁ ምን ያህል ቀላል እንደነበር? ማሽኑ ነው። ሁለት ቃል። አባትየው ስቀው «አንቱ፣ ሬዲዮን ነው እንዴ የላኩብኝ!» ይሉ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ማሽኑ የነካሽውን ነው የሚጽፈው፣ አያንቱ። ጣትሽ ነው የተሳሳተው። ተጨንቀሽ፣ ሲያነብልሽም በልብሽ ያለውን ሰምተሽ ይሆናል።»

እንዲያውም ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፣ ከመጋረጃው ኋላ ላሉት እንዲሰማ።

የአንድ እጇን ጣቶች በሌላው እጇ ያዘቻቸው። ልጆቹን ስታስተምር «ጣታችሁን እመኑ» እንደምትል ነግራኛለች፤ ዓይን ለሌለው ሰው ጣቱ ምን እንደሆነ እኔ ልነግራችሁ አልችልም። አመነችኝ። ከገዛ ጣቷ ይልቅ እኔን አመነችኝ። ከዚያም የተናገረችው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁህ» አለች።

እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ! እኔም «ችግር የለም» አልኳት። ችግር የለም አልኳት እኮ! ዘንጓን እየመታች ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየኋት፣ አልተጣራሁም። ወደ መጋረጃው ተመለስኩና ለእንግዶቹ ወንበር አስተካከልኩ።

በማግስቱ አንቱን መሣሪያው ውስጥ አስገባሁ። እርስዎን፣ ነዎትን፣ ይበሉኝን፣ ያገኘሁትን የአክብሮት ቃል ሁሉ አስገባሁ። መተካቱን ትቼ፣ የማያውቀው ቃል ሲመጣ ስልኩ እንዲንቀጠቀጥና እንዲጠይቅ አደረግኩ። ስለዚህ አላወቅኩም ማለት አልችልም። ያላወቀ ሰው አይጠግንም። ማሽኑን ጠገንኩ፤ እሷን እንደተሰበረች ተውኳት።

ድርጅቱ መሣሪያውን ወሰደ፣ ዛሬ የሚጽፉበት ሰዎች አሉ፣ ይመርቁኛል። ሲመርቁኝ ወዴት እንደምገባ ይጨንቀኛል። አያንቱ ግን ትንሽ ቆይታ ሳጥኗን በባሏ እጅ መለሰችልኝ። ተስፋዬ «ጣቱ ደህና ለሆነ ሰው ስጠው ብላለች» አለኝ። መጻፍ ማስተማሩንም ለሌላ አስተማሪ ለቃ፣ እሷ ማንበብ ብቻ ታስተምራለች አለኝ። መልእክት የሚጽፍላት ደግሞ እንደ ድሮው ሰው ሆነ። በእሷና በሰው መካከል ሦስተኛ ሰው ተመለሰ። ያንን ሦስተኛ ሰው ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ተስፋዬን ውኃ እንኳ ሳልጋብዘው ሳጥኑን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ለአባቷም እውነት የመሰላትን ነው የነገረቻቸው፤ «እጄ ነው የተሳሳተው»። ሰበብ አልፈለገችም። አባትየው ይህን እንዴት ይመኑ? ራሷ ናት ብሬል አስተማሪዋ! ኦቦ ዳባ ለበዓል እንደገና እንሞክራለን ሲሉ፣ ኦቦ ገመቹ ታመሙ። በዓሉ ሳይደርስ ሞቱ።

ለቅሶ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ልናገር ነበር ብል ደስ ይለኛል፣ ግን አይደለም። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በኦሮምኛ ሙሾ እያወጡ ያለቅሳሉ፣ አያንቱም በኦሮምኛ ታለቅሳለች። አንዲት ቃል ብቻ በአማርኛ ትጥላለች። «አንቱ! አንቱ! አንቱ!» ሌሎቹ ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። እኔ ገብቶኛል። መሣሪያዬ የነጠቃትን ቃል ለማይሰሙ ሰው እየሰጠች ነበር።

ኦቦ ዳባ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የልጅቱ ወዳጅ መሆኔን ያውቃሉ። ንፍሮ እያቀበሉኝ በቀስታ አወሩኝ።

«ገመቹ ያችን መልእክት አላጠፋትም እኮ። ስሄድ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ያወጣና፣ ዳባ ና እስቲ አንብባት፣ እኔ እኮ ፊደሉን ኋላ ነው የተማርኩት፣ አሳስቼ አንብቤው እንዳይሆን ይለኛል። አነብለታለሁ። ያው ነው። ደግሞ በሌላ ቀን፣ ና እስቲ አንብባት ይለኛል። ሌላ ነገር ብትልለት ፈልጎ ነበር።»

አባት ዓይናቸውን ተጠራጠሩ። ልጅ ጣቷን ተጠራጠረች። ሁለቱም ራሳቸውን ሲከስሱ፣ ያወቅኩት እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ንፍሮ እቆረጥማለሁ። ያኔስ ምን ከለከለኝ? እንግዳ አልነበረም፣ መጋረጃ አልነበረም። ሰውዬው ጆሮዬ ሥር ናቸው። «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ተነሥቼ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰበታ ልሄድ ተነሥቼ ዓለም ገና ላይ ወርጄ የተመለስኩበት ቀን አለ። በስልክ ልነግራት ደውዬ፣ «ሃሎ ሳሚ» ስትለኝ ስለ ስልኳ ባትሪ ጠይቄያት የዘጋሁበት ቀን አለ። ወጣት ነበርኩ አልልም። ድሃ ነበርኩ አልልም። ፈራሁ ማለት ይቻላል፤ እሷም እኮ ፈርታ ነበር፣ ግን ለአባቷ ጻፈች።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በመለሰችው ሳጥን ነው። ከመሳቢያ አወጣሁት፣ ብሬሉን እንደ ሕፃን ተማርኩ፣ ሻካራዋን ቁልፍ በጣቴ እየፈለግኩ ጻፍኩ። ከማንም በፊት የምልከው ለእሷ ነው።

አያንቱ፣ ስልክሽ ይህን እያነበበልሽ ከሆነ ማዳመጫ አድርጊ፤ ማንም እንዳይሰማብሽ። ጣትሽ አልተሳሳተም። ያን ቀን ጣትሽ የጻፈው «አባባ፣ አንቱን በድዬአለሁ። ይቅርታዎን እፈልጋለሁ» የሚል ነው፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለችበትም። የለወጠው የእኔ ሥራ ነው፣ የዋሸው የእኔ አፍ ነው። ሳጥኑን ይዤ እመጣለሁ፤ በሩን ክፈቺም አትክፈቺም አልልሽም።

ከዚያ መልእክትሽ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ልዋስሽ። አንቺን በድዬአለሁ። ሁለተኛውን ግን አልወስደውም። እሱን አንቺ ለአባትሽ ጽፈሽው አልደረሰም፤ እኔ ይቅርታሽን ልጠይቅበት አይገባኝም።